ቁርጡን ካወቅሁ ወዲህ

ጠባሴ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ በጌጤነህ ስቱዲዮ ውስጥ፣
ስድስት ወር ተማርሁ ምስል ከምስል መቀጠል፣ መቁረጥ።
አንዲት ኮምፒዩተር ናት፣ ሰሌዳዋ ፊደሉን የረሳ፣
መብራት ሄዶ ሲመጣ ባዶ እጇን የምትነሳ።
የደብረ ብርሃን ብርድ ጣት ያደነዝዛል፤
ጌጤነህ ጋቢውን አጣፍቶ ያዘኛል፦
«ከመቁረጥሽ በፊት ትንፋሽሽን ቁጠሪ፤
ሰው ዓይኑን ሲያርገበግብ፣ ያን ጊዜ ተሻገሪ።»

ተማርሁ። ተሻገርሁ። ቤቴም ገባሁኝ፤
ዓይኔን እዚያ ትቼው መምጣት ግን አቃተኝ።

እማዬ ማታ ማታ ድራማዋን ስታይ፣
ባሏ የከዳት ሴት ስትንሰቀሰቅ ጠረጴዛ ላይ፣
«ብርጭቆውን እይው» አልኋት፣ «ቅድም ሙሉ ነበር፤
አሁን ጎደለ፤ አሁን ደግሞ ሞላ፤ ማንም ሳይነካው፣ በተአምር!
እንባዋም ጠብታ ነው፣ ከፋርማሲ የመጣ፤
ከመብራቱ ኋላ ደግሞ አንዱ ይኖራል፣ ሻይ የሚጠጣ።»

እማዬ ነጠላዋን ከዓይኗ አነሳችው፤
ብዙ አየችኝ። ቴሌቪዥኑን ተወችው።
«አንቺ ልጅ» አለችኝ፣ «እንባዬን መልሺልኝ።»
ሳቅሁ። ቀልድ መስሎኝ።

ዜናም እንደዚያው ነው። «አደባባዩ ሞላ» ሲባል፣
ካሜራው ለምን ዝቅ ብሎ ተተከለ? ያ ቢጫ ጃንጥላ ለምን ሁለቴ ያልፋል?
አባዬ «ስንት ሰው ወጣ!» ይላል፤ እኔ ከምስሉ ጠርዝ ወዲያ
ባዶ አስፋልት ይታየኛል።
ሁሉንም ሌባ አደረግሁት፣
የራሴ እጅ እስኪያዝ ድረስ።

ጥር ላይ ደብረ ሲና ሰርግ ቀረጽን። ጉሙ ከጣርማበር ወርዶ
ሚዜዎቹን ዋጣቸው፤ ቬሎው ብቻ ቀረ፣ ከነጭ ነጭ ተዋዶ።
ሙሽሪት ስንቅነሽ ሳቂታ ናት፤ ቀኑን ሙሉ ጥርሷ አልተከደነም።
እናቷ ግን ጠሩኝና፦ «ከቤት ስትወጣ ያላለቀሰች ሙሽራ የለችም።
ፈልጊልኝ።»

ፈለግሁ። የሦስት ሰዓት ምስል አገላብጬ
አንዲት ሰከንድ አገኘሁ፤ አቧራ ገብቶባት ዓይኗን ስትጠርግ። እሷን መርጬ
ቆረጥሁ። አዘገየኋት፣ አራት እጥፍ። ዋሽንት ጫንሁባት።
የእናቷንም ፊት ከሌላ ሰዓት አምጥቼ አጠገቧ አኖርሁላት።

ከወር በኋላ ሲታይ ሳሎኑ ሁሉ ተነፋረቀ፤
ስንቅነሽም የባሏን ክንድ ይዛ፣ ድምጿ እየደቀቀ፣
«ለካ አልቅሼ ነበር!» አለች።

ከዚያ ቀን ወዲህ እንዳለቀሰች ታውቃለች።
ቁርጡን የማውቀው እኔ ብቻ።

ያን ሌሊት የዘርይሁንን ፍላሽ ከሣጥኑ አወጣሁት።
ወንድሜን። የምርቃቱን ቀን።
የጎረቤት ልጅ ነው በስልክ የቀረጸው፤ ሲጨርስ ማጥፋቱን ረሳ፤
ስልኩ ቁልቁል እንደተንጠለጠለ ያያል፦ ሣር፣ የተፈታ የጫማ ክር፣ ነፋስ፣
ከዚያ የወንድሜ ድምፅ፣ ከምስሉ ውጪ፦
«እማዬን ጥሯት! ወጡ ይቀዝቅዝ፣ ግዴለም፤ ትምጣ፣ ከኔ ጋር ትነሳ!»

ድሮ እዘላት ነበር ይቺን፣ ምንም የላትም ብዬ።
አሁን ሌላውን ትቼ እሷን አያታለሁ፣ ደግሜ፣ ደጋግሜ፣ መልሼ፣
ማንም ያላሳመራት አርባ ሰከንድ፤
እጄ መዳፊቱ ላይ ነበር። የምቆርጥበት ጫፍ አጣሁላት።

ትናንት ማታ ያው ድራማ። እኔ አፌን ይዤ፣ ግድግዳ ተደግፌ።
እማዬ ሳትዞር፦
«ዛሬም ብርጭቆው ሞልቷል» አለች፣ «አይቼዋለሁ፣ እንዳንቺው።»
እንባዋ ግን ይወርድ ነበር።
«ታዲያ ምን ያስለቅስሻል?»

«ድሮስ ለብርጭቆው መስሎሽ ነው?»
አለችና ድምፁን ጨመረችው።